ሃያ ሰባተኛው ጠርሙስ

ስልኩ የጠራው ሐሙስ ጠዋት ነው። ሃምሳ አለቃ ገላው አሜሪካ፣ ክሪስታል ሲቲ፣ ከመሬት በታች ባለው የመኪና ማቆሚያ፣ በመስተዋት በታጠረች ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ የመኪኖቹን መግባትና መውጣት ይመለከታል።

«ሃምሳ አለቃ፣ ወረቀቱ መጣ» አሉት ወይዘሮ ስመኝ። ድምፃቸው ደርቋል። «ልጄን የገደለውን ሰው አውቄዋለሁ። መጥተው ያስይዙልኝ።»

ልጃቸው ወንድሜነህ በዚያው ማቆሚያ የገላው የፈረቃ አለቃ ነበር። በነሐሴ ወር፣ በፍልሰታ ዕለት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው በእናቱ ቤት አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። አርባ ሁለት ዓመቱ ነበር። አስከሬኑ ተመረመረ፤ ውጤቱ ግን ሦስት ወር ቆየ። አሁን በፈረንጆቹ 2013 ኅዳር ገብቷል።

ገላው ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ትምህርቱ ከሰባተኛ ክፍል አላለፈም። በአዲስ አበባ ፖሊስ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ወንጀል መርምሯል። አሜሪካ ከመጣ ወዲህ ይህን የጠየቀው ሰው የለም፤ እሱም አያወራም። ለወንድሜነህ ብቻ አንድ ቀን ነግሮት ነበር። ወንድሜነህ ደግሞ ለእናቱ ነግሯል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤት ትንሽ የጡብ ቤት ነው። ገላው ገብቶ በሩን እንደዘጋ ፖስተኛው ከውጭ ደረሰና በበሩ መካከል ባለችው ቀዳዳ ሁለት ደብዳቤ አሾለከ። ደብዳቤዎቹ ጫማው ላይ ወደቁ። ጎንበስ ብሎ አነሣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው።

ወይዘሮ ስመኝ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰው ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ትልቁ ልጃቸው ኃይለልዑል ከግሪንቤልት መጥቶ አጠገባቸው ቆሟል። ወረቀቱን ያነበበው እሱ ነው።

«የሞት ምክንያት፦ ሜታዶን። የሞት ሁኔታ፦ ሊወሰን አልተቻለም።»

«ሜታዶን ምንድን ነው?» አለ ገላው።

«ሄሮይን የለመደ ሰው ሄሮይኑን እንዲተው ክሊኒክ የሚሰጠው ፈሳሽ ነው። በሕግ የተፈቀደ። ድራግን በድራግ መተካት ማለት ነው፣ ጋሼ። ለእማዬ ስንት ጊዜ ነገርኳት! መንግሥት የሚያድለው ዕፅ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም።»

ገላው ከሟቹ ጎን አምስት ዓመት ሠርቷል። አንድም ቀን አልጠረጠረም።

«ስንት ዓመት ጠጣው?»

«ስድስት።»

«ስድስት ዓመት የጠጡት ነገር አንድ ቀን በምን ተነሥቶ ይገድላል?»

«ሲበዛ ነዋ!» አሉ ወይዘሮ ስመኝ። «ያ ዳጊ የሚሉት ነው የጨመረለት። ጓደኛው ነው፤ እሱም እዚያው ክሊኒክ ይጠጣል። ልጄ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው ከዚህ ደጃፍ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው ሲጨቃጨቁ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰኞ ጠዋት መርማሪ ፖሊሱ ቀጥሮኛል። ሸጦለት ነው ብዬ እፈርምበታለሁ።»

«ዳጊ ሲቲዘን አይደለም» አለ ኃይለልዑል። «የድሮ ሪከርድም አለበት። ሸጠ ከተባለ ይታሰራል፣ ከዚያ ዲፖርት ያደርጉታል። አለቀ።»

«ይሂድ» አሉ እናቱ።

«ሲሸጥለት ያየ ሰው አለ?»

«ለዚህ አይደል የጠራሁዎት?»

ገላው ከደረት ኪሱ ትንሽ ደብተር አወጣ። መጻፍ ብዙም አይሆንለትም። ካነጋገረው ሰው ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ይይዛል፤ ድሮም በዚህ ይታወቅ ነበር።

«የዚያን ዕለቱን ይንገሩኝ።»

«ማልዶ ክሊኒክ ሄደ። በሃያ ስምንት ቀን አንዴ ነው የሚሄደው። አንዱን እዚያው ነርሷ ፊት ይጠጣል፤ የሃያ ሰባት ቀኑን ቤት ይዞ ይመጣል። እኔ ቅዳሴ ነበርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ ተኝቷል፤ ያንኮራፋል። ደስ አለኝ፣ ሃምሳ አለቃ። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ የሚባል በዓይኑ አልዞረም ነበር፤ ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ ነው የከረመው። ብርድ ልብስ ደረብኩለትና በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁ። ለራት ስቀሰቅሰው…»

ገላው አላስጨረሳቸውም።

«ታሞ ነበር ማለት ነው።»

«ጉንፋን ነው ይል ነበር። ሌላ ነገር አልነካም። ፆሙን ሙሉ ልጄ ንጹሕ ነበር። ከነሐሴ አንድ እስከ ዐሥራ አምስት አንዲት ጠብታ በአፉ አልገባችም። ያ ልጅ መጥቶ አበላሸው እንጂ!»

ገላው «ጠብታ» ብሎ ጻፈ።

መኝታ ቤቱን አሳዩት። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ከአልጋው ሥር ግራጫ የብረት ሣጥን አለ። ጠርሙሶቹ እዚያ ተቆልፈው መቀመጥ አለባቸው፤ ያልቆለፈ ሰው ወደ ቤት መውሰዱን ይከለከላል። ሕጉ እንደዚያ ነው አለ ኃይለልዑል። በሞተ ዕለት ፖሊስ ሣጥኑን ከፍቶ ቆጥሯል፤ ሃያ ሰባቱም ሙሉ ነበሩ፤ ወስደዋቸዋል።

«እንግዲያስ ያን ቀን የጠጣው አንድ ነው» አለ ገላው። «የራሱን ልክ፣ ነርሷ ፊት።»

«ለዚህ ነው ከውጭ ገዝቷል የምንለው። ወይ ደግሞ ሆን ብሎ…» ኃይለልዑል ወደ ሳሎኑ ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው እንደዚያ እያወራ ነው፣ ጋሼ። ራሱን አጠፋ ነው የሚሉት። እማዬ ይህን ከምትሰማ ዳጊ ቢታሰር ይሻላል።»

«የሣጥኑ ቁልፍ?»

«አንገቱ ላይ ነበር። ሲታጠብ ብቻ ነው የሚያወልቀው።»

«ሌላ ቁልፍ የለም?»

«የለም። እኔ በሐምሌ ለእማዬ አንድ ቁልፍ አስቀርጬላታለሁ፤ እሱ ግን የፖስታ ሣጥኗ ነው። ሌላው ይጠፋብኛል ብላ።»

ገላው ወደ መውጫው በር ዞር ብሎ ትንሽ አየ። ከዚያ «ቁልፍ» ብሎ ጻፈ።

ወጥ ቤት ውስጥ ወይዘሮ ስመኝ ሻይ አቀረቡለት። መደርደሪያው ላይ የመስቀል ሥዕል የተለጠፈባቸው ሁለት ትልልቅ የፕላስቲክ የጠበል ዕቃዎች አሉ። ከአጠገባቸው ግማሹ ያለቀ የደረቀ ከርከዴ በፌስታል ተቋጥሯል።

«ከርከዴ ይወዳሉ?» አላቸው።

«ኧረ እኔስ ይኮመጥጠኛል። ለእንግዳ ነው።»

እንግዳው ሻዩን ጠጥቶ አመሰገነ።

ዓርብ ዕለት ፈረቃውን ሲጨርስ አሌክሳንድሪያ ሄደ። የወንድሜነህ ሚስት ቤዛዊት እዚያ ነው የምትኖረው። ከባሏ ከተለየች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ፍቺ ግን አልፈጸሙም። የሆቴል ሥራ ልብሷን ሳትቀይር በሩን ከፈተችለት።

«እሳቸው ላኩዎት? ቤዛዊት ናት የገደለችው አሉ?»

«ዳጊ ነው ያሉት።»

«እኔ ተረፍኩ በላ!» ሣቀች፤ ሣቋ ግን ወዲያው ጠፋ። «ይቀመጡ፣ ጋሼ ገላው። ዳጊ አይሸጥም። ዳጊ ባይኖር ወንድሜነህ ያን ጊዜውኑ ሞቶ ነበር። ክሊኒኩን ያሳየው እሱ ነው።»

«እንዴት ጀመረው?»

«በሐኪም። በ2003 ጣሪያ ሲሠራ ከመሰላል ወደቀ፤ ወገቡ ተጎዳ። ሐኪሙ ክኒን ጻፈለት። ሱስ አይሆንበትም ወይ ብዬ እኔው ራሴ ጠየቅሁ። ‹ሕመም ያለበት ሰው ሱስ አይዘውም› አለኝ። ያን ጊዜ ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚሉት፤ ወረቀትም ነበራቸው። አራት ዓመት እንደ ከረሜላ ሰጡት። አንድ ሰኞ ስንሄድ የሐኪሙ ቢሮ ታሽጓል። መንግሥት ነቅቶ ክኒን የሚያበዙትን ሐኪሞች መያዝ ጀምሮ ነበር። ሐኪሙን ዘጉት፤ በሽተኞቹንስ? የጠየቀ የለም። በሳምንቱ ወንድሜነህ መንገድ ላይ የሚገኘውን ገዛ። ከክኒኑ ይረክሳል።»

«ከዚያ ክሊኒክ።»

«ከዚያ ክሊኒክ። መጀመሪያ በየቀኑ፣ ሳይነጋ ሰልፍ። አንድ ቀን የቀረ እንደ ወንጀለኛ ይጠየቃል። ዓመታት ጠብቆ ነው ወደ ቤት መውሰድ የተፈቀደለት። እኔ ጠርሙስ መቁጠር ሰለቸኝ፤ ወጣሁ። እናቱ ከዳችው ይበሉኝ፤ ልክ ናቸው።»

በሕግ አሁንም ሚስቱ ስለሆነች ክሊኒኩ መዝገቡን የላከው ለእሷ ነው። እየተረጎመች አነበበችለት። በመጨረሻው ቀን ነርሷ «ያመለጠህ ዶዝ አለ?» ብላ ጠይቃዋለች። «የለም» ብሏል። ሙሉውን ልኩን ጠጥቷል። ከባዶዎቹ ጠርሙሶች ሃያ ስድስት መልሷል። አንዱ ጠፋብኝ ብሎ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል።

«ጠፋብኝ?» አለ ገላው። ያ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ አንዲት የመኪና ትኬት ጉርድ ጠፍታበት አያውቅም።

«እኔም ገርሞኛል።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከርከዴ ይጠጣ ነበር?»

«ወንድሜነህ? ኧረ እንኳን ሊጠጣ! መድኃኒቱ ቀይ ነው፤ የቼሪ ጣዕም አለው። ከጀመረው ወዲህ ቀይ የሚጠጣ ነገር ሁሉ ያቅለሸልሸዋል።»

ገላው ሁለት ቃል ጻፈ፤ ይህ ልማዱ አይደለም። «ቀይ።» «አንድ ጠርሙስ።»

ቅዳሜ ጠዋት ዳጊን ታኮማ ፓርክ አገኘው። ዳጊ ታክሲ ነጂ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ ጥርሱ የተጎዳ። ገላውን ከፊት ወንበር አስቀመጠውና ሞተሩን አጠፋ።

«ፖሊሱ ኮል አድርጎኛል፣ ጋሼ። ሰኞ ከሰዓት ና ብሎኛል። ልብስ አዘጋጅቻለሁ።»

«የምን ልብስ?»

«የምታሰርበት።» ቀልዱን ራሱ አልሣቀበትም።

«ሸጠህለታል?»

«አልሸጥኩም።»

«የተጨቃጨቃችሁት በምንድን ነው?»

«በእኔና በእሱ ነገር።»

«ሰኞ ዕለት ይህን ብትል አያዋጣህም።»

«አውቃለሁ።»

«ሁለት ሳምንት ታሞ ነበር ይላሉ።»

«ውኃ ብቻ እየጠጣ የማይታመም ማን አለ?» አለና ዳጊ አፉን እንደ መያዝ አለ። መሪውን ጨበጠ። «ፆም ነበር ማለቴ ነው። ይፆም ነበር።»

«ይፆም ነበር» አለ ገላው። ደብተሩ ላይ «ውኃ» ብሎ ጻፈና ከመኪናው ወረደ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ማቆሚያው ሄደ። ፈረቃው አልነበረም። የሠራተኞች ክፍል ገብቶ የወንድሜነህን ቁም ሣጥን አየ፤ ባዶ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አሰበ። ሰውዬው አንድ ጠርሙስ አስቀርቷል። ማስጠንቀቂያ እስኪጻፍበት ድረስ የሚያስቀረው ቁም ነገር ቢኖረው ነው። ቤቱ አያስቀምጠውም። መኪና ውስጥ ደግሞ በነሐሴ ሙቀት ይበላሻል። እንዳይበላሽ ከፈለገስ?

ማቀዝቀዣውን ከፈተ። ከበረዶ ቤቱ ጥግ፣ ማንም ከማይነካው የአተር ፌስታል ኋላ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አገኘ። ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ናት። የወንድሜነህ ስም ተለጥፎባታል። ቀኑ ኦገስት 21 ይላል፤ የነሐሴ ዐሥራ አምስት ጠርሙስ። ውስጧ ቀይ በረዶ ነው።

ገላው ጠርሙሷን መዳፉ ላይ ይዞ ብዙ ቆየ። ድሮ ሐሺሽ የያዘ ልጅ ሲያመጡለት ነገሩ ቀላል ነበር፤ መዝግቦ፣ አስፈርሞ፣ ወደ እስር ቤት። ልጆቹ ወዴት እንደደረሱ ጠይቆ አያውቅም። አሁን ግን የያዘው ነገር ወዴት እንደሚያደርስ አስቀድሞ ይታየዋል። ስልኩን ሦስት ጊዜ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። በአራተኛው ለዳጊ ደወለ።

«ነገ ስምንት ሰዓት ወይዘሮ ስመኝ ቤት ና። የራስህን አንድ ጠርሙስ ይዘህ።»

«ሕግ ይከለክላል፣ ጋሼ።»

«አንዲት ጠብታ ብቻ ነው የምፈልገው።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አምስት ሆነው ሳሎኑ ውስጥ ተቀመጡ። ወይዘሮ ስመኝ ዳጊን ሲያዩ ተነሡ።

«ገዳዩን ቤቴ አስገቡብኝ?»

«ይቀመጡ» አለ ገላው። «ነገ የሚፈርሙበት ሰው ነው። ፊቱን አይተው ይፈርሙ።»

ቤዛዊት ከመስኮቱ አጠገብ፣ ኃይለልዑል ከእናቱ ጎን፣ ዳጊ ከበሩ አጠገብ ነው። ገላው ሁለት ብርጭቆ ውኃ አስመጣ። ቁራጭ ሳሙና ከኪሱ አውጥቶ በቢላዋ ፋቀና በሁለቱም ውስጥ በጠበጠው።

«ምን እያደረጉ ነው፣ ጋሼ?» አለ ኃይለልዑል።

«አላዋቂ ሰው ነኝ፤ የማውቀውን ነው የማደርገው።» ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። «ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜነህ የራሱን ልክ ጠጣ፤ ነርሷ አይታለች። ከሣጥኑ አልነካም፤ ፖሊስ ቆጥሯል። አስከሬኑ ውስጥ ከሜታዶን ሌላ ነገር የለም። ስለዚህ ከውጭ ጨምሮ ካልወሰደ ሊሞት አይገባም ብላችኋል።»

«እንዴታ!» አለ ኃይለልዑል።

«እኔ ደግሞ ሌላ ጠየቅሁ። ስድስት ዓመት የቻለው ሰውነት ያን ቀን ለምን አቃተው? ዳጊ፣ አንተ መልስልኝ። ሰው ሁለት ሳምንት ይህን ነገር ቢተውና ተመልሶ የድሮውን ልክ ቢጠጣ?»

ዳጊ መሬት መሬቱን እያየ መለሰ። «ይሞታል። ሰውነት ይረሳዋል። ከእስር ቤት የሚወጡት ሁሉ በዚህ ነው የሚያልቁት።»

«መቼ ተወና!» አለች ቤዛዊት። «ያመለጠኝ የለም ብሎ የለም?»

«በየቀኑ ጠርሙስ ጠጥቷል። ጠርሙሱ ውስጥ ግን ምን ነበር?» ገላው ከዳጊ ጠርሙስ አንዲት ጠብታ ወደ አንደኛው ብርጭቆ ጣለ። ቀዩ ተንሳፈፈ፣ ቀጠነ፣ ቀይ እንደሆነ ቀረ። «ይህ የክሊኒኩ ነው።» ከዚያ የእሱን ጠርሙስ አወጣ። «ይህች ደግሞ ጠፋች የተባለችው ናት። ሃያ ሰባተኛዋ። ሥራ ቦታችን በረዶ ውስጥ ደብቋት አገኘሁ።»

ከእሷም ጣለ። ቀዩ ውኃውን ሲነካ ወይን ጠጅ መሰለ፤ ከዚያ ዐይናቸው እያየ ወደ አረንጓዴ ዞረ።

ኃይለልዑል ወደ ብርጭቆው ጎንበስ አለ።

«አንድ ነጭ ሸሚዝ ነበረኝ» አለ ገላው። «ከርከዴ ፈሰሰበት። ሳሙና ስነካው እንዲህ ሆነብኝ። ከርከዴ ከሳሙና አይስማማም። እዚህ ቤት ከርከዴ አለ። የሚጠጣው ግን የለም፤ አንዷን ይኮመጥጣታል፣ አንዱን ያቅለሸልሸዋል። እንግዳም ሻይ ነው የሚቀርብለት።»

ኃይለልዑል ወደ ወጥ ቤቱ አየ። ከዚያ ወደ እናቱ ላለማየት ታገለ።

«የሣጥኑ ቁልፍ አንድ ነበር። በሐምሌ ግን አንድ ቁልፍ ተቀርጿል፤ የፖስታ ሣጥን ነው ተብሎ። በዚህ ቤት ፖስታ በበሩ ቀዳዳ ነው የሚገባው። የፖስታ ሣጥን የለም።»

«እማዬ» አለ ኃይለልዑል በቀስታ።

«ፆሙን ሙሉ አንዲት ጠብታ በአፉ አልገባችም አሉኝ፣ ወይዘሮ ስመኝ። እሱ በየቀኑ ጠርሙስ ሲያነሣ እያዩ። ጠርሙሶቹ ባዶ መሆናቸውን ማወቅ የሚችለው ባዶ ያደረጋቸው ሰው ብቻ ነው።» ገላው ደብተሩን ዘጋ። «ዳጊ አልሸጠም። ወንድሜነህም ራሱን አላጠፋም። ልነግርዎ የምችለው ይህን ነው።»

ወይዘሮ ስመኝ አልካዱም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው ተናገሩ።

«ባዶ አላደረግሁትም። ጠበል ነው የሞላሁት። ከርከዴው ለቀለሙ ብቻ ነው። በአንዴ ብነጥቀው ይጨነቃል ብዬ ቀስ በቀስ ነው ያደረግሁት። በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ቀን ተጽፏል፤ ቁጥር አውቃለሁ። በመጀመሪያው ቀን አንድ የሻይ ማንኪያ አወጣሁና አንድ ጠበል ጨመርኩ። በሁለተኛው ሁለት። ፍልሰታ እስኪገባ ዐሥራ ሁለት ማንኪያ ደረሰ፤ ጠርሙሱም አለቀ። ከዚያ ሁለቱን ሱባዔ ጠበሉን ብቻ ጠጣ። ሲንቀጠቀጥ ክፉው እየለቀቀው ነው አልኩ። ፆሙ ሲፈታ እነግረዋለሁ፣ ድነሃል እለዋለሁ ብዬ… ቅዳሴ ቆየብኝ። ከቤተ ክርስቲያን ስመጣ ልነግረው ነበር።»

«ዕፅ ነው ያልኳት እኔ ነኝ» አለ ኃይለልዑል። «ቁልፉንም ያስቀረጽኩት እኔ ነኝ።» የሰማው የለም።

ወይዘሮ ስመኝ ገላውን ብቻ ነው የሚያዩት። «ሲያንኮራፋ… ያን ጊዜ እየሞተ ነበር?»

ዳጊ ራሱን ዝቅ አደረገ።

«ውኃ መሆኑን ያውቅ ነበር?»

ገላው በሃያ ሁለት ዓመት የምርመራ ሥራው መዝገብ ላይ ውሸት ጽፎ አያውቅም። «አላወቀም» አለ።

ወይዘሮ ስመኝ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ትንሽ ጠርሙስ አነሡ። ስሙ ላይ ጣታቸውን አሳለፉ።

«ታዲያ ይህችን ለምን ደበቃት?»

መልሱ ከበሩ አጠገብ መጣ።

«ከፆሙ በአምስተኛው ቀን ነው ያወቀው፣ እማማ» አለ ዳጊ። «ጣዕሙ ኮመጠጠው። የኔን እንካ አልኩት፤ እምቢ አለ። ‹እማዬ ፊቷ በርቷል፤ እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም፤ ፆሙ እስኪፈታ ልጠጣላት› አለኝ። ያችን አንዷን ወደፊት አብረን እንሥቅባታለን ብሎ ነው ያስቀመጣት። በመጨረሻው ቀን ለነርሷ ንገራት፣ ዶዙን ከታች ይጀምሩልህ ብዬ ለመንኩት። ‹ሣጥኔ ተከፈተ ካልኩ ወደ ዕለት ዕለቱ ሰልፍ ይመልሱኛል፤ ሥራዬን አጣለሁ። እማዬንም ፖሊስ ይጠይቃታል› አለኝ። ‹ስድስት ዓመት የጠጣሁት ነው፣ ምን ያደርገኛል?› አለ። በዚህ ነው ያዩን ቀን የተጨቃጨቅነው። ከዚያ አስማለኝ። እናቴን እንዳታነሣብኝ ብሎ አስማለኝ።»

«እኔ ላሳስርህ ስል ዝም አልክ?»

«ምዬለት እኮ ነው፣ እማማ።»

ወይዘሮ ስመኝ ጠርሙሷን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና ተነሥተው ወደ ልጃቸው መኝታ ቤት ገቡ። በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

ሰኞ ጠዋት ቀጠሯቸውን አልሰረዙም። በዳጊ ታክሲ ሄዱ፤ ገላው አብሯቸው ገባ። መርማሪው ወጣትና ጨዋ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ስልክ አስቀመጠ፤ አስተርጓሚዋ የምትናገረው ከስልኩ ውስጥ ነው፤ የት እንዳለች አይታወቅም።

«ዳጊ ምንም አላደረገም፤ እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ስመኝ። ሁሉንም ተናገሩ፤ ማንኪያውን፣ ቁልፉን፣ ሁለቱን ሱባዔ። ገላው እንግሊዝኛው ጥቂት ነው። ጠበል የሚለው ቃል ግን ከስልኩ «ዋተር» ሆኖ ሲወጣ ሰማ።

መርማሪው ወረቀቱን አገላበጠ፤ ጠየቀ፤ እንደገና አገላበጠ። ከዚያ ረጅም ነገር ተናገረ።

«እናት» አለች አስተርጓሚዋ፣ «እንዲህ ይላሉ። ልጅዎን የገደለው ሜታዶን ነው። እርስዎ ደግሞ ሜታዶን አጎደሉ እንጂ አልጨመሩም። ያጎደለ ሰው ገደለ አይባልም። እናት ለልጇ ውኃ መስጠቷ ወንጀል አይደለም ይላሉ። መዝገቡ ተዘግቷል፤ ዳጊ የተባለውም መምጣት አያስፈልገውም። ኀዘንዎን እንካፈላለን ይላሉ።»

ወይዘሮ ስመኝ አልተነሡም።

«ወረቀቱ ላይ ያለው ይቀየራል? ሊወሰን አልተቻለም የሚለው?»

«አይቀየርም ይላሉ።»

«እሺ፣ የት ጋ ልፈርም?»

አስተርጓሚዋ ተረጎመች። መርማሪው እጁን ዘረጋ፤ የሚፈረም ነገር እንደሌለ ለማሳየት። እስክሪብቶውን ከፊታቸው አንሥቶ ኪሱ ከተተ። ወይዘሮ ስመኝ ባዶውን ጠረጴዛ እያዩ ቆዩ። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት «እናት፣ ሌላ የሚሉት አለ?» አለች፤ ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።